ስለ ጥርስ፥ ስለ መንጋጋና ስለ ሌሊት ትንፋሽ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ ከብዙዎቻችን ቤት የማይጠፋ ነው፤ እርሱም ማንኮራፋት ነው። የማንኮራፋት ነገር ሲነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይሥቃል እንጂ አያስብበትም። «እገሌ ሲተኛ ጣራው ይነሣል» ይባላል፤ ተሥቆ ይታለፋል። እንዲያውም ማንኮራፋት የጥልቅና የጣፋጭ እንቅልፍ ምልክት የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ከሚያንኮራፉት ሰዎች መካከል ለአንዳንዶቹ ያ ድምፅ የዕረፍት ድምፅ ሳይሆን፥ በጠበበ ጉሮሮ ውስጥ ለማለፍ የሚታገል የትንፋሽ ጩኸት ነው። ስለዚህ ይህ ትግል ከምን እንደሚመጣ፥ የጥርስና የመንጋጋ ማስተካከያ ሕክምናም በዚህ ረገድ እስከ ምን ድረስ እንደሚረዳና ከምን ላይ እንደሚያቆም በተቻለኝ መጠን እገልጽላችኋለሁ። በንግግሬ ውስጥ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እንመልከት። ሰው ነቅቶ ሳለ የጉሮሮው ጡንቻዎች የአየሩን መንገድ ከፍተው ይይዛሉ። እንቅልፍ በወሰደው ጊዜ ግን መላ አካላቱ እንደሚላላ ሁሉ እነዚህም ጡንቻዎች ይላላሉ፤ ምላስም ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ጉሮሮው ሰፊ የሆነ እንደሆነ ከዚህ የተነሣ የሚደርስ ጉዳት የለም። ጠባብ ከሆነ ግን አየሩ ለስላሳውን ላንቃና እንጥሉን እያርገበገበ ያልፋል፤ ማንኮራፋት የምንለው ይህ ነው። መንገዱ ከዚህ አልፎ ፈጽሞ የተዘጋ እንደሆነ ትንፋሽ ይቆማል። ደረትና ሆድ አየር ለመሳብ ይታገላሉ፤ አየሩ ግን አይገባም። በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን እያነሰ ሲሄድ አንጎል ይደነግጥና ሰውየውን ለጥቂት ሰከንድ ያነቃዋል፤ ያን ጊዜ በኃይል አየር ስቦ ተመልሶ ይተኛል። ነገሩም ሳይውል ሳያድር እንደገና ይጀምራል። የሚያስገርመው ግን፥ ሰውየው ጧት ሲነሣ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያስታውስም።

ይህን ሕመም ሐኪሞች «አፕኒያ» ይሉታል፤ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ያለ ትንፋሽ» ማለት ነው። በአዋቂ ሰው ትንፋሹ ለ10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲቋረጥ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። የሚቋረጥበትና እጅግ የሚቀንስበት ጊዜ ተደምሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ከሆነ ቀላል፥ ከ15 እስከ 30 ከሆነ መካከለኛ፥ ከ30 በላይ ከሆነ ብርቱ ይባላል። እንግዲህ በሰዓት 30 ጊዜ የሚቋረጥበት ሰው 7 ሰዓት ቢተኛ በአንድ ሌሊት ውስጥ 210 ጊዜ ትንፋሹ ይታገድበታል ማለት ነው። ለሕፃናት መስፈሪያው ከዚህ የጠበቀ ነው፤ በሰዓት አንድ ጊዜ እንኳ መቋረጡ ሐኪምን ያሳስባል።

ሕመሙ ጥንታዊ ቢሆንም ቅሉ ምሥጢሩ የታወቀው በቅርቡ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ ከ1836 እስከ 1837 ባሳተመው የፒክዊክ መጽሐፍ ውስጥ፥ ቆሞም ተቀምጦም እንቅልፍ የሚጥለውን አንድ ወፍራም ልጅ ለማሣቂያ ያህል ስሎታል። በ1956 አሜሪካውያን ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሕመም ሲገልጹ ስያሜውን ከዚያው መጽሐፍ ወሰዱ። ነገር ግን በእንቅልፍ ጊዜ ጉሮሮ እየተዘጋ ትንፋሽ እንደሚቋረጥ በመሣሪያ ተመዝግቦ የታየው በ1965 ሲሆን፥ ይህንንም ያደረጉት በፈረንሳይ በማርሴይ ከተማ ጋስቶና ጓደኞቹ፥ በጀርመን በፍራይቡርግ ከተማ ደግሞ ዩንግና ኩህሎ ነበሩ። ከዚያም በ1976 ክርስቲያን ጊየሚኖ የተባለው በአሜሪካ በስታንፎርድ ይሠራ የነበረ ሐኪም ሕመሙ ሕፃናትንም እንደሚይዝ አስታወቀ።

ክቡራን አድማጮች፤ ይህ የሌሊት ነገር ነው ብለን እንዳንተወው፥ ዋጋው የሚከፈለው በቀን ነው። ሌሊቱን ሲታነቅ ያደረ ሰው ጧት ራሱን እያመመውና አፉ ደርቆ ይነሣል። መሥሪያ ቤቱ ገብቶ መዝገብ በዘረጋ ጊዜ ፊደሉ ይደባለቅበታል። ከቀትር በኋላ በስብሰባ ላይ ዐይኑ ይከደናል። ያነበበውን ይረሳል፤ በጥቂቱም ይቈጣል። ሌሊት ለሽንት ብዙ ጊዜ ይነሣል። ሕመሙ ሳይታከም ብዙ ዓመት የቆየ እንደሆነም ከደም ግፊት፥ ከልብ ሕመምና በአንጎል ውስጥ ደም ከመፍሰስ ወይም ከመርጋት ጋራ የተያያዘ መሆኑ በጥናት ታውቋል። በመኪና መሪ ላይ የሚያንቀላፋው ሰው ደግሞ የራሱን ሕይወት ብቻ ሳይሆን የመንገደኛውንም ሕይወት በእጁ ይዟል።

ይሁን እንጂ አለቃው ይህን ሁሉ አያውቅምና በሥራ ምዘናው ወረቀት ላይ «ትጋት ይጐድለዋል» ብሎ ይጽፍበታል። ዕድገቱ ይታገዳል፤ ደመወዙ ባለበት ይቆማል። እርሱም ቢሆን ምክንያቱን ስለማያውቅ «እውነትም ሰነፍ ሆኛለሁ» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። የሕፃኑማ ነገር ከዚህ የባሰ ነው። ሌሊት በአፉ እየተነፈሰና እየተገላበጠ ያደረ ልጅ በትምህርት ቤት አንዳንዴ ያንቀላፋል፤ ብዙ ጊዜ ግን እንደ አዋቂ በማንቀላፋት ፋንታ ይቅበጠበጣል፥ ልቡም አይሰበሰብም። አስተማሪው ባለጌ ነው ይለዋል፤ አባት ይቈጣዋል፤ ልጁ ግን የሚያስፈልገው ሐኪም እንጂ አለንጋ አልነበረም። ስለዚህ ስንፍና የሚመስለው ሁሉ ስንፍና አለመሆኑን ማወቅ የፍርድ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ጥርስና መንጋጋ ከዚህ ምን አገናኛቸው? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ነገሩን በቤት ምሳሌ ላስረዳ። ምላስ ተከራይ ነው፤ መንጋጋ ቤቱ ነው። ቤቱ የጠበበ እንደሆነ ተከራዩ ዕቃውን ወደ ጓሮ ያወጣል። ምላስም ስፍራ ሲያጣ ወደ ኋላ፥ ወደ ጉሮሮው ይገፋል። እንደዚሁም አፍና አፍንጫ እንደ ፎቅ ቤት ናቸው፤ የታችኛው ቤት ጣራ ለላይኛው ቤት ወለል እንደ ሆነ ሁሉ፥ የአፍ ጣራ የሆነው ላንቃም የአፍንጫ ወለል ነው። ላንቃው ጠባብና ወደ ላይ የሾለ ከሆነ የአፍንጫው መተላለፊያም ይጠባል። እንግዲህ አገጩ ወደ ኋላ የገባ፥ ላንቃው የጠበበና ጥርሱ ስፍራ አጥቶ የተደራረበ ሰው ሁሉ በሽተኛ ነው ባይባልም፥ ከሌላው ይልቅ ለዚህ ሕመም የተጋለጠ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ምክንያቱ መንጋጋ ብቻ አይደለም። የሰውነት ውፍረት፥ የቶንሲልና ከአፍንጫ በስተኋላ ያለው የአዴኖይድ ማበጥ፥ የመጠጥና የእንቅልፍ መድኃኒት ልማድ፥ በጀርባ መተኛትም እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው።

ጥርስና መንጋጋን የሚያስተካክለው የሕክምና ክፍል «ኦርቶዶንቲክስ» ይባላል። «ኦርቶ» የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «ኦርቶዶክስ» ከሚለው ቃል መነሻ ጋራ አንድ ሲሆን ቀና ወይም ቀጥተኛ ማለት ነው፤ ቀሪው ጥርስ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሕክምና ለመልክ ማሳመሪያ ብቻ የሚደረግ የሽቦ ሥራ አድርጎ ይቈጥረዋል። በትንፋሽ ረገድ ግን ሦስት ዓይነት አገልግሎት አለው።

የመጀመሪያው ላንቃን ማስፋት ነው። ይህን ሐሳብ በ1860 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የነበረው የጥርስ ሐኪም ኤመርሰን ኤንጀል በአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ላይ በብሎን ሠርቶ በጽሑፍ አውጥቶት ነበር። የላይኛው መንጋጋ ከሁለት አጥንቶች የተሠራ ሲሆን፥ በላንቃው መካከል ያለው መጋጠሚያቸው በልጅነት ገና አልጠነከረም። ስለዚህ ሐኪሙ በመካከሉ ብሎን ያለበትን መሣሪያ በላይኞቹ የመንጋጋ ጥርሶች ላይ ያጣብቃል። ወላጅ በቤቱ ቁልፍ በምትመስል ትንሽ ሽቦ ብሎኗን በሐኪሙ ትእዛዝ መሠረት ብዙውን ጊዜ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሩብ ዙር ያዞራታል፤ በእያንዳንዱም ሩብ ዙር ከአንድ ሚሊሜትር ሩቡን ያህል ትሰፋለች። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ በሁለቱ የፊት ጥርሶች መካከል ክፍተት ይታያል፤ እናቶች አይደንግጡ። በአገራችን እንደ ውበት የምትቈጠረዋ ፍንጭት ለጊዜው መጣች ማለት ነው፤ ኋላ ጥርሶቹ እየተጠጉ ትከደናለች። ማስፋቱ ካበቃ በኋላ አዲስ አጥንት ክፍተቱን ሞልቶ እስኪጠነክር ድረስ መሣሪያው ለብዙ ወራት በስፍራው ይቆያል።

በ2004 የጣሊያን አገር የጥርስ ሐኪም ፓኦላ ፒሬሊና የሥራ ጓደኞቿ፥ ከእነርሱም ጋራ አስቀድሞ የጠቀስሁት ጊየሚኖ፥ አፕኒያ የነበረባቸውን 31 ልጆች በዚህ መንገድ አክመው የትንፋሻቸው መቋረጥ እጅግ እንደ ቀነሰላቸው አስታውቀዋል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ወሬ ነው። ሆኖም ልብ ልንል የሚገባው፥ እነዚያ ልጆች ተመርጠው የተወሰዱ መሆናቸውን ነው፤ ላንቃቸው የጠበበ እንጂ ቶንሲላቸው ወይም አዴኖይዳቸው ያበጠ አልነበሩም። ስለዚህ ውጤቱ ለሚያንኮራፋ ልጅ ሁሉ ይሆናል ማለት አይደለም። በብዙ ልጆች ዘንድ ዋናው ምክንያት ያበጠ ቶንሲልና አዴኖይድ ስለሆነ፥ አስቀድሞ የሚታሰበው እርሱን በቀዶ ጥገና ማስወገድ ነው፤ የላንቃው ማስፋት የሚመጣው ላንቃው ጠባብ ሆኖ ለተገኘ ልጅ ነው። ዕድሜም ወሳኝ ነው። ልጁ ጐልማሳ በሆነ ጊዜ መጋጠሚያው ይጠነክራልና፥ ያን ጊዜ ላንቃን ለማስፋት በአጥንት ላይ የሚታሰሩ ብሎኖች ወይም ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አገልግሎት ለአዋቂዎች የሚሆን ሲሆን፥ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ስቦ የሚይዝ የሌሊት መሣሪያ ነው። የመጀመሪያ እርዳታ የተማረ ሰው እንደሚያውቀው፥ ራሱን የሳተ ሰው ምላሱ ጉሮሮውን እንዳይዘጋበት መንጋጋው ወደ ፊት ይሳባል። መሣሪያው የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ፒየር ሮባን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ፥ የታችኛው መንጋጋቸው እጅግ ያነሰ ሕፃናት ምላሳቸው ወደ ኋላ እየወደቀ እንደሚያፍናቸው አስተውሎ፥ መንጋጋን ወደ ፊት የሚያመጣ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ለአዋቂዎች አፕኒያ የሚሆነው መሣሪያ ግን በ1980ዎቹ ዓመታት ተስፋፋ። አንዱ ክፍል በላይኛው፥ ሁለተኛው በታችኛው ጥርስ ላይ ይጠለቃል፤ ሁለቱም ተያይዘው መንጋጋውን በጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት ይይዙታል። ሐኪሙም እንደ በሽተኛው ሁኔታ ቀስ በቀስ ያስተካክለዋል።

ከዚህ መሣሪያ ጋራ የሚነጻጸረው ሌላው ሕክምና፥ በአውስትራሊያ ኮሊን ሰሊቫንና ጓደኞቹ በ1981 ያስታወቁት የአየር መንፊያ መሣሪያ ነው። ይህም በአፍንጫ ላይ በሚደረግ ጭንብል አየር እየነፋ ጉሮሮውን ከፍቶ ያሳድራል። የትንፋሽን መቋረጥ በመቀነስ ረገድ የአየሩ መሣሪያ ይበልጣል፤ በተለይም ሕመሙ ለበረታበት ሰው ተቀዳሚ ነው። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈልጋል፤ ጭንብሉን መታገሥ የማይችልም ሰው ብዙ ነው። ስለሆነም በ2015 የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና ሐኪሞችና የጥርስ ሐኪሞች ማኅበራት በጋራ ባወጡት መመሪያ፥ የአየሩን መሣሪያ መታገሥ ላልቻሉ ወይም ሌላ ለመረጡ አዋቂዎች የመንጋጋው መሣሪያ እንዲታዘዝላቸው መክረዋል። በኪስ ተይዞ መንገድ ሊኬድበት የሚቻልና ድምፅ የሌለው መሣሪያ መሆኑም አንድ ጥቅም ነው። ጉድለቱንም መሸሸግ አይገባም፤ ምራቅ ያበዛል፥ ጧት ጧት መንጋጋን ያሳምማል፥ በዓመታት ብዛትም የጥርስን አገጣጠም ሊለውጥ ይችላል። የሚይዙት በቂና ጤነኛ ጥርሶችም ያስፈልጉታል። ስለዚህ መሣሪያውን ገዝቶ መጥለቅ ብቻ አይበቃም፤ የሐኪም ክትትል የግድ ነው።

ሦስተኛው አገልግሎት ከቀዶ ጥገና ጋራ የሚተባበር ነው። ሕመሙ ለበረታበትና ሌላው ሕክምና ላልረዳው ሰው የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ ሁለቱም ተቈርጠው ወደ ፊት፥ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊሜትር ያህል፥ ተገፍተው ይታሰራሉ። ይህ ከባድ ሥራ ነው፤ የሚገኘው ውጤት ግን ለተመረጡት በሽተኞች ከፍ ያለ ነው። የጥርስ አስተካካዩ ሐኪም ድርሻ ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ ጥርሶቹ በትክክል እንዲገጥሙ ማዘጋጀት ነው።

እንግዲህ የሚቻለውን ተናግሬአለሁና የማይቻለውንም ልናገር። ጥርስን በሽቦ ማቅናት ብቻውን አፕኒያን አያድንም። የአሜሪካ የጥርስ አስተካካዮች ማኅበር በ2019 ባወጣው ሰነድ፥ ጥርስ አስተካካዩ ምልክቱን ሊጠይቅና ሊያስተውል እንደሚገባው፥ ሕመሙን ወስኖ የሚነግረው ግን ሐኪም መሆን እንዳለበት ገልጿል። እንዲሁም ለማስተካከያ ሲባል ጥርስ የተነቀለለት ሰው በዚያ ምክንያት አፕኒያ ይይዘዋል የሚለው ወሬ ማስረጃ የሌለው መሆኑን፥ ጤነኛ ልጅንም ወደ ፊት እንዳያመው በማለት ብቻ ላንቃውን ማስፋት የማይገባ መሆኑን አመልክቷል። ስለዚህ «ሽቦ አስገቡለት፥ ማንኮራፋቱ ይተወዋል» የሚል ሰው ቢመጣ፥ ምርመራው ወዴት አለ? ብሎ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው።

በአገራችን ከዚህ ጋራ የሚነሣ አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። ሕፃናትን እንጥል ማስቈረጥና ገና ከድድ ያልወጣውን የወተት ጥርስ በስለት ማስወጣት በብዙ ስፍራ የቆየ ልማድ ነው። ሁለቱም ለደም መፍሰስና ለመመረዝ ያጋልጣሉ። ጥርሱን ማስወጣት ከሥሩ ያለውን የቋሚ ጥርስ ዘር ሊጐዳው ይችላል፤ በዚያም ምክንያት ጥርሱ ጠማማ ሆኖ ይበቅላል ወይም ከነጭራሹ ይቀራል። የእንጥሉም መቈረጥ የጠበበ መንጋጋን አያሰፋም፥ ወደ ኋላ የሚወድቀውን ምላስም አይዝም። እናት ልጇን ስለወደደች የምታደርገው ነገር ልጇን እንዳይጐዳባት፥ ያወቅን ሰዎች ልንነግራት ይገባናል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ መጀመሪያው ነገር ማስተዋል ነው። የተኛ ሰው ራሱን አያይምና ምስክሩ በአጠገቡ ያለው ነው። ባለቤትዎ ሌሊት ሲያንኮራፉ ድንገት ጸጥ ብለው፥ ቆይተውም እንደ ታነቀ ሰው አየር የሚስቡ እንደሆነ የነገረችዎትን እንደ ነቀፋ አይቍጠሩት፤ ለሐኪም የሚቀርብ ማስረጃ ነው። ልጅዎ ተኝቶ ሳለ አንድ ሌሊት አጠገቡ ተቀምጠው ያድምጡት፤ አፉ ተከፍቶ አድሯልን? ዘወትር ያንኮራፋልን? ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳልን? ያዩትን በወረቀት ይጻፉ።

ሁለተኛው ነገር ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። አስቀድመው ወደ ጠቅላላ ሐኪም ወይም ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይሂዱ፤ የደም ግፊትዎን፥ ክብደትዎን፥ ጉሮሮዎንና አፍንጫዎን ያስመርምሩ። ሕመሙ በእርግጥ የሚታወቀው በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽንና በደም ያለውን ኦክሲጅን በሚመዘግብ መሣሪያ ነው። ይህ ምርመራ በሁሉም ስፍራ ባይገኝም የት እንደሚገኝ ሐኪምዎን ይጠይቁ። የጥርስ ሐኪሙ ተራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለልጆች ግን ጥርስ አስተካካዮቹ እስከ 7 ዓመት ዕድሜ ድረስ አንድ ጊዜ እንዲታዩ ይመክራሉ፤ ያን ጊዜ የመንጋጋው አስተዳደግ ሊታይ፥ የሚታረመውም ሊታረም ይችላልና።

ሦስተኛው ነገር ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። ክብደት የበዛበት ሰው ይቀንስ። ማታ ማታ ጠጅም ሆነ አረቄ፥ ቢራም ሆነ ውስኪ የጉሮሮን ጡንቻ ይበልጥ ያላላልና ከመኝታ በፊት ይቅር። በጀርባ ሳይሆን በጐን መተኛትን ይልመዱ። ያለ ሐኪም ትእዛዝም የእንቅልፍ መድኃኒት አይውሰዱ።

በመጨረሻም በየመሥሪያ ቤቱ የሰው ኃላፊነት ለተሰጣችሁ አድማጮቼ አንድ ቃል አለኝ። ከሠራተኞቻችሁ አንዱ ቀድሞ ትጉህ የነበረ፥ አሁን ግን በወንበሩ ላይ የሚያንቀላፋ ቢኖር፥ የተግሣጽ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ጠርታችሁ «ሌሊት እንዴት ታድራለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥያቄው የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው፤ መልሱ ግን ለአንድ ሰው እንጀራውን፥ ምናልባትም ዕድሜውን ሊያተርፍለት ይችላል።

እግዚአብሔር የሰላም እንቅልፍ ይስጣችሁ።